የሞቀ ሞተር ይዋሻል

ጋሽ ነስሩ ማረፋቸውን የነገረኝ ገበያ ላይ ድንቼን የሚያወርድልኝ ባለጋሪ ነው። ጅማ ደርሼ፣ መኪናዬን አቁሜ የኋላ በሯን ስከፍት፣ «ሰምተሻል? ነስሩ መካኒኩ ትናንት ተቀበሩ» አለኝ። እጄ በሩ ላይ ቀረ። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም፤ የሩቅ ሰው አያደርስም።

ድንቹን ለባለጋሪው ትቼ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። ሴቶቹ በተቀመጡበት ድንኳን ገብቼ ጥግ ያዝኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት «ምናቸው ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘመድ አይደለሁም፣ ጎረቤት አይደለሁም፣ የምንጸልይበትም ቤት አንድ አይደለም። «መኪናዬን ይሠሩልኝ ነበር» አልኳት። ሴትየዋ በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች።

«የወንዶቹን ድንኳን አላየሽም? ያ ሁሉ ሰው ‹መኪናዬን ይሠሩልኝ ነበር› ነው የሚለው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግን እኔ ከዚያ በላይ የምለው ነበረኝ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ረጅም ነገር አይወራም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ጋሽ ነስሩ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። ድሮ ነጭ የነበረች ቆብ አላቸው። ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ ጠመንጃ መፍቻ ይሰካሉ። ጋራዣቸው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ያለች የቆርቆሮ ዳስ ናት። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። «ከጅማ እስከ ሰኮሩ ከእኔ የሚበልጥ መካኒክ ካለ አምጡልኝ» ይላሉ። «ከሰኮሩ ወዲያስ?» ሲባሉ፣ «ከሰኮሩ ወዲያ የአዲስ አበባ ሰው ይወቅበት፤ ለሌላ ሰው አገር ዋስ አልሆንም» ይላሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ሞቆ የመጣ መኪና አይነኩም። ጠዋት ያስቸግራል የተባለ መኪና ዳሳቸው ሥር ማደር አለበት። እሳቸው ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት፣ መልስ ማንም ሳይነካው በገዛ ጆሯቸው ያስነሱታል። ይህ ሕግ ለሁሉም ነው። አንድ ጊዜ የሊሙ ገነት ቡና ነጋዴ በለቀማ ወቅት እየተጣደፈ መጣ። መኪናው ጠዋት ጠዋት እንደሚያስቸግረው ነገራቸው።

«ይደር» አሉት።

«ጋሽ ነስሩ፣ ቡናዬ ስጥ ላይ ነው፤ ዝናብ ሊያገኘው ነው፤ ማደሪያ ጊዜ የለኝም!»

«ጊዜ ለሌለው ሰው ጤነኛ መኪና ነው የሚመቸው» አሉና ወደ ሌላ መኪና ሥር ገቡ። ነጋዴው ከእግራቸው ጋር ሲከራከር ቆይቶ ቁልፉን ትቶ በሚኒባስ ሄደ።

የእኔ መኪና አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት። ባለቤቴ፣ ጌታ ወደ ራሱ ሳይሰበስበው በፊት፣ ከግብርና ቢሮ ሥራው ጡረታ ሲወጣ የገዛት ናት። እሷ ናት ድንቼንና ጎመኔን ከደዶ ጅማ የምታወርድልኝ። ቤንዚኑን በራሷ ኮምፒውተር እየለካች የምትረጭ፣ ኢንጀክሽን ከሚባሉት ወገን ናት፤ ግን ከመጀመሪያዎቹ። ለረጅም ጊዜ አንድም ቀን አላስከፋችኝም። በኋላ ግን የጠዋት ብርድ የማትችል ሆነች። ስትነሳ መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል። ሞተሯ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ትን እንዳለው ሽማግሌ ያስልና ይጠፋል። እንደገና አስነሳታለሁ፤ እንደገና ትጠፋለች። መካኒኮች መኪና ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበትን ልክ ሚኒሞ ይሉታል። የእኔ መኪና ብርድ ላይ ሚኒሞ የሚባል አልነበራትም።

ለድንች ቢሆን ባልተጨነቅሁ። ድንች ቢዘገይም ድንች ነው። ግን ልጄ አስቴር ልትወልድ እኔ ጋ መጥታ ነበር። የፊተኛውን በኦፕራሲዮን ነው የተገላገለችው፤ ጅማ ስንደርስ ጊዜው አልፎብን ነበርና ሕፃኑ አልቆየልንም። አሁን ሐኪሙ፣ «ምጥ ሲጀምርሽ ቤት ውስጥ አንዲት ደቂቃ እንዳትቆዪ፤ ወዲያው ነይ» ብሏታል። ቀኗ ሲቃረብ ጅማ ዘመድ ቤት ልናስቀምጣት አስበናል፤ ምጥ ግን የሰው ሐሳብ አይጠብቅም። ባሏ ሰኮሩ አስተማሪ ነው። የወረዳው አምቡላንስ አንዷ ናት፣ ወረዳው ሰፊ ነው። ነገሩ በንጋት ቢመጣ ያለችን ያቺ የምታስል መኪና ብቻ ናት። በየጠዋቱ ስትንቀጠቀጥ አስቴር በመስኮት ታያታለች።

ገበያው አጠገብ ላሉ መካኒኮች አሳየኋት። አንዱ ካንዴላ ቀየረ። አንዱ የቤንዚን ማጣሪያ ቀየረ። አንዱ ባትሪውን ረገመ። ሁሉም የሚያዩዋት ጅማ ከደረሰች በኋላ ነው፤ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ሞቃ፣ ደም ሥሯ ተፍታቶ። «እናቴ፣ ይህች መኪና ምንም የላትም» ይሉኛል። አንዱማ «ምናልባት አነዳድዎ ይሆናል» አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።

በመጨረሻ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ይሄድባቸው የነበሩት ጋሽ ነስሩ ትዝ አሉኝ። ዳሳቸው ደርሼ ኮፈኑን ስከፍት ከተቀመጡበት በርጩማ አልተነሱም።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከደዶ።»

«እንግዲያው ዝጊው። የሞቀ ሞተር ይዋሻል።»

«ሞተር ይዋሻል?»

«ሰውስ? ከቁርስ በኋላ ሁሉም ሰው ደግ ነው። ጠባዩን ማወቅ ከፈለግሽ ከእንቅልፉ ሲነሳ እይው።»

አሳደርናት። በማግሥቱ ከሱብሂ በኋላ ሲያስነሷት እንደ በግ ግልገል ዝም ብላ ተነሳች። አፈርኩ። ሰው ፊት ልጇ ያሳፈራት እናት እንደምታፍረው አፈርኩ።

ጋሽ ነስሩ ግን ሳቁ። «ሃዳ አስቴር፣ መኪናሽ የጅማን ብርድ ንቃዋለች» አሉ። ሃዳ አስቴር በኦሮምኛ የአስቴር እናት ማለት ነው፤ ስሜን አንድም ቀን ጠርተውት አያውቁም። «ለእሷ የሚመጥን ብርድ ደዶ ነው ያለው። ትንሽ ጊዜ ሳገኝ እወጣለሁ።»

«ጊዜ የለኝም ጋሼ» አልኳቸው። ስለ አስቴር ነገርኳቸው። የፊተኛውንም ነገርኳቸው።

ቀልዳቸው ከፊታቸው ላይ ወረደ። ጠመንጃ መፍቻውን ከኪሳቸው አወጡት፣ መልሰው ከተቱት። «ነገ ማታ ደዶ ነኝ፣ ኢንሻአላህ» አሉ።

መጡም። የመፍቻ ሻንጣቸውን ተሸክመው በሚኒባስ። ማደሪያቸው መስጊዱ አጠገብ ያሉት ጎረቤታችን አባ ፊጣ ቤት ሆነ፤ ራት ግን እኔ ጋ ነው። እኛ ያረድነውን እሳቸው አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ስለዚህ ጎመን በአይብ አቀረብኩ።

«አየሽ» አሉ ሲጎርሱ፣ «በሬና ዶሮ ሲለያየን የኖረውን ጎመን አስታረቀን። ሽማግሌ መሆን የነበረበት ጎመን ነው።»

አስቴር ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

ከዚያ እኔ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። ግን በበጎ ልብ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ልጅ ፊቱን ይታጠባል። እኚህ ትልቅ ሰው ከጅማ ድረስ መጥተው፣ በዚያ ብርድ ጉም ለጉም ሄደው፣ መኪናዬ ፊታቸው ላይ ስታስልባቸው? ሳይነጋ ተነሳሁ። ኮፈኗን በጨርቅ ወለወልኩ። ነዳጅ እየረገጥኩ፣ እየለመንኩ፣ ስትጠፋ እያስነሳሁ፣ በደንብ አሞቅኳት። ከዚያ አጥፍቼ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ጋሽ ነስሩ ከሶላት መልስ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ሰላም ብለውኝ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አደረጉ። ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሃዳ አስቴር፣ ይህች መኪና ቁርሷን በልታለች።»

የወለወልኩበትን ጨርቅ ከኋላዬ ደበቅሁ።

«አሞቅሻት?»

«ትንሽ» አልኩ። «እንዳታስቸግርዎ ብዬ።»

«ማሎ!» አሉ፤ እባክሽ እንደማለት ነው። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። «ያ ረቢ፣ ይህችን ሴትዮ አየሃት? በሽተኛውን አድና ሐኪም ጠራች!»

አባ ፊጣ ይህን ሰምተው መንደሩን አዳረሱት። እስከ ዛሬ ድረስ ደዶ ውስጥ የሚያፍር ሰው ሲታይ፣ «አሞቅሻት?» ይባላል።

ሌላ ጠዋት መጠበቅ ነበረብን። ጋሽ ነስሩ ያን ቀን ደዶ ዋሉ፤ ሥራ ግን አልፈቱም። የደዶ ሰው መካኒክ መጣ ሲባል የማይሠራ ነገር ሁሉ ይዞ መጣ። ሞተር ሳይክል መጣ። የውኃ ፓምፕ መጣ። አንዲት አሮጊት የማይናገር ሬዲዮ ይዘው መጡ። «እናቴ፣ እኔ ሬዲዮ አልችልም» ቢሏቸው፣ «የሚጮኸውን ዝም ታሰኛለህ ይሉኛል፣ ዝም ያለውን ማስጮህ ምን ያቅትሃል?» አሏቸው። ጋሽ ነስሩ ሬዲዮውን ከፈቱት፤ አልተናገረም። «ከጅማ እስከ ሰኮሩ ያልኩት ስለ መኪና ነው» ብለው አሳበቡ።

በማግሥቱ ጠዋት ጣቴን አላነሳሁም። በሯን እንኳ አልነካሁም። ጋሽ ነስሩ ኮፈኑን ነኩት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ደስ አላቸው። የሬዲዮውን ነገር የረሱ መሰለኝ።

«ቢስሚላህ» ብለው ጠመንጃ መፍቻውን አወጡ። ስለቱን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «አስነሺ፤ ነዳጅ እንዳትረግጪ።»

አስነሳሁ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ አሳለች። ልቤ ፈራ። ጌታን መጥራት ጀመርኩ። እኛ ስንጸልይ ድምፅ አለን፤ እየጨመረ ይሄዳል።

«ሃዳ አስቴር!» ብለው ጮኹ ከኮፈኑ ጀርባ። «ጸሎትሽን በልብሽ አድርጊው፤ እሱ ይሰማሻል፣ እኔ ነኝ ሚኒሞውን መስማት ያቃተኝ!»

በልቤ አደረግሁት።

ከዚያ ከሻንጣቸው የፀጉር ቤት የውኃ መርጫ አወጡ። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ በየቱቦው መጋጠሚያ ላይ ውኃ እፍ እፍ ያደርጋሉ፤ ያዳምጣሉ። አንዲት የትንሽ ጣት ያህል ቀጭን የጎማ ቱቦ ላይ ሲደርሱ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። እንደገና ረጩ፤ እንደገና ተለወጠ። «አንድ ሌባ ተያዘ» አሉ። ቱቦዋ ከሥሯ ተሰንጥቃ ያልተለካ አየር እየሳበች ነበር። ቆርጠው አሳጥረው መልሰው አሰሯት። ትንሽ ተሻላት፤ ግን ማሳሏ አልቆመም።

ሞተሩን አጥፍተው ካንዴላዎቹን ፈቱ። እንደ ምድጃ ጥቀርሻ ጠቁረዋል። «አዲስ ናቸው፣ በቅርቡ ነው የተቀየሩት» አልኳቸው። አገላብጠው አዩዋቸው። ጠርገው መልሰው ገጠሟቸውና መኪናዋን ራሳቸው አስነስተው፣ ነዳጅ እየረገጡ እየያዙ ብዙ ጠበቁ። ዓይናቸው የግለት መርፌው ላይ ነው። መርፌው ከታች አልተነሳም።

«ይህ መርፌ ተበላሽቷል እንዴ?»

«አልተበላሸም» አልኩ ኩራት ብጤ ተሰምቶኝ። «የእኛ መኪና መጋል የሚባል አታውቅም። ዳገት ብትወጣም መርፌዋ ከዚያ አይነሳም። ባለቤቴ ለሰው ሁሉ ያወራላት ነበር።»

ጋሽ ነስሩ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ወርደው በራዲያተሩ በኩል አንድ ነገር ፈቱ፤ ጣታቸውን ከተቱ። ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። ከሞተሩ የሚወጣው ውኃ እስኪሞቅ ድረስ ዘግቶ የሚይዝ፣ ሲሞቅ የሚከፍት ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። እዚያ መሆን ነበረበት። አንድ ሰው አውጥቶታል። ዕቃው ከሌለ በደዶ ብርድ ሞተሩ እስኪሞቅ ዘላለም ይፈጃል፤ ኮምፒውተሩም «ገና ብርድ ነው» እያለ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የአየር መግቢያው ጥቀርሻ ይሞላል፣ ጠዋት ደግሞ መኪናዋ ታስላለች።

«ይህን ያወጣ ሰው መካኒክ ነው?» አሉ። «ይህ ሰው ሐኪም ቢሆን የሰው ጉበት አውጥቶ ‹አሁን ቀለልህ› ይል ነበር! ይህ ሰው እረኛ ቢሆን ላሟ እንዳትሸሽ እግሯን ይቆርጥ ነበር! አቦ፣ እንዲህ ዓይነቱ እጅ መፍቻ መያዝ የለበትም። ማንኪያም ያንሰዋል!» አባ ፊጣ በአጥሩ ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። አስቴር ጋቢ ተከናንባ በር ላይ ቆማለች። ጋሽ ነስሩ ያን ያልታወቀ መካኒክ፣ አስተማሪውን፣ መፍቻውን የሸጠለትን ሰው ሳይቀር ወቀሱ።

እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እርስዎ ነዎት ያወጡት።»

«እኔ?»

«ባለቤቴ ዳገቱ ላይ ጋለችበትና እርስዎ ጋ አመጣት። ‹ይህ ዕቃ ለፈረንጅ አገር በረዶ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርጋል› ብለው አወጡት። ማታ ራት ላይ አጫወተኝ። በጣም ነበር ያደነቀዎት።»

አባ ፊጣ አጥሩን ይዘው ሳቃቸውን ለማፈን ይታገላሉ። ጋሽ ነስሩ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርኩ» አሉ።

«የልጅ ልጅ ነበርዎት» አልኳቸው።

አስቴር ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ግን ሲስቁ ዓይናቸው እሷ ላይ እንደነበረ አየሁ፤ እጇ በያዘችው ሆዷ ላይ። ሳቃቸው ቀድሞ አለቀ።

ያንኑ ቀን አብረን ጅማ ወረድን። ከዳሳቸው ጥግ የዘይት ቆርቆሮ ጎተቱ። በውስጡ ባለፉት ዓመታት ከሰው መኪና ያወጧቸው ቴርሞስታቶች ናቸው፤ ዕቃ መጣል አይወዱም። እየመረጡ፣ እየለኩ ለእኔ የሚሆን አገኙ። ከዚያ አጠገባቸው ወዳለችው ሻይ ሻጭ ሄደው ሳያስፈቅዱ እሳት ላይ የተጣደው የሻይ ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ጨመሩት።

«ጋሽ ነስሩ! ሻዬ!»

«ዝም በዪ፣ ሲከፈት እዪ!»

ውኃው ሲፈላ ዕቃው ቀስ ብሎ ተከፈተ። አውጥተው አቀዘቀዙት፤ ተዘጋ። «ይሠራል» አሉ። ሻይ ሻጯ ማንቆርቆሪያውን ደፍታ እያጠበች ስትራገም ገጠሙልኝ። የአየር መግቢያውንም ጥቀርሻ በጥርስ ብሩሽ ጠርገው ጨረሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያን ቆርቆሮ ባዶ ማድረግ ሥራቸው ሆነ። መንገድ ላይ አሮጌ መኪና ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ያስቆማሉ። «ና ወዲህ፣ የመኪናህ ዕቃ እኔ ጋ ነው!» ሹፌሩ «መቼ ሰረቅኸኝ?» ሲል፣ «ልጅ ሳለሁ» ይላሉ። ለሊሙውም ነጋዴ ሊሙ ድረስ ሄደው እንደመለሱለት ሰምቻለሁ። ይህም ግን ትሕትና አላስተማራቸውም። «ከጅማ እስከ ሰኮሩ የራሱን ስሕተት የሚያርም መካኒክ ካለ አምጡልኝ» ማለት ጀመሩ።

እኔን ደግሞ አንድ ነገር አዘዙኝ። «በየጠዋቱ፣ ሳታሞቂ፣ ስታስነሺ ደውዪልኝ። ስልኩን ሞተሩ ላይ አድርጊ።»

በየጠዋቱ ደወልኩ። «ጋሽ ነስሩ፣ እንደምን አደሩ...» ስል፣ «የአንቺን በኋላ፤ መጀመሪያ እሷን አሰሚኝ» ይላሉ። ስልኩን ሞተሩ ላይ እይዛለሁ። ዝም ብለው ያዳምጣሉ። «ቶሌ» ይላሉ፤ ደህና ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ነው እንዴት አደርሽ የሚሉኝ። መኪናዋ ደህና ከሆነች በኋላም ቢሆን ደውሎውን አላስቆሙኝም። «አስቴር እስክትገላገል» አሉ።

አንድ ጠዋት፣ ጎሕ ሊቀድ ሲል፣ አስቴር ጠራችኝ። ድምፅዋን ስሰማ አወቅሁ። ጅማ ሄደን የምንቀመጥበት ቀን ገና ነበር። ጋቢ ደርቤላት ወደ መኪናው ወሰድኳት። ደዶ በጉም ተሸፍኗል፤ አጥሩ አይታይም። ኮፈኑን ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ነው። ቁልፉን አዞርኩ።

ተነሳች። ትንሽ ከፍ ብላ ቆየችና ረጋች። አልተንቀጠቀጠችም። አላሳለችም። እግሬ ነዳጁ ላይ አልነበረም። ያን ረጋ ያለ ድምፅ እየሰማሁ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ጌታዬ፣ አመሰግንሃለሁ፤ ጌታዬ፣ አመሰግንሃለሁ። እንባዬ ወረደ።

«እማ!» አለች አስቴር ከኋላ። «ምን ሆነሻል?»

«ቆይ፣ ስሚው...»

«እማ፣ በኋላ ታመሰግኚዋለሽ! ንጂ!»

ነዳሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ወዲያው አስገቧት። በሩ ላይ ቀረሁ። ጸለይኩ፤ እዚያም «እናቴ፣ ቀስ ይበሉ» ተባልኩ። ፀሐይ ከፍ ስትል ነርሷ ወጥታ ነገረችኝ። ገብቼ አየኋቸው፤ ሳምኳቸው። ለባሏ ሰኮሩ ደወልኩለት። ከዚያ ውኃ ልገዛ ወደ ግቢው በር ወጣሁ።

ጋሽ ነስሩ ከግንቡ ሥር ቆመው ነበር። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ቆባቸው ተጣሞ። ማንም አልነገራቸውም። ጠዋት ሳልደውልላቸው ስቀር ገብቷቸው ነው የመጡት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም።

«ተነሳች?» አሉኝ።

«ተነሳች።»

«በስንተኛው?»

«በመጀመሪያው።»

«አልተንቀጠቀጠችም?»

«አልተንቀጠቀጠችም።»

«ሚኒሞውስ?»

«ረጋ ያለ ነበር።»

«ጭስ? ጥቁር ጭስ አየሽ?»

«ጉም ነበር፤ ጭስ ግን አላየሁም።»

«መርፌው? የግለት መርፌው ተነሳ?»

«ቁልቁለቱ መሐል ላይ ተነሳ። እርስዎ ያሉኝ ቦታ ቆመ።»

«መንገድ ላይ አልጠፋችም?»

«አልጠፋችም።»

ሌላ ጥያቄ ፈለጉ። አፋቸው ተከፈተ፤ የሚጠይቁት ስለ መኪናዋ የቀረ ነገር አልነበረም። ጫማቸውን አዩ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኚህ አፋቸው የማያርፍ ሰው አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ፈርተው ነበር።

«ሴት ናት» አልኳቸው። «በኦፕራሲዮን ነው፤ በጊዜ ደረሳችሁ አሉን። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።»

ጋሽ ነስሩ ግንቡ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ከቆቡ ሥር ሰማሁ፤ ደጋግመው። ሰው በአጠገባችን ያልፋል። እንዳያያቸው ከፊታቸው ቆምኩላቸው።

ብዙ ቆይተው ቆባቸውን ከፊታቸው አነሱ። ዓይናቸው ቀልቷል። ከቆቡ ላይ የተነካካ ዘይት ግንባራቸው ላይ ቀርቷል።

«ሃዳ አስቴር» አሉኝ በወቀሳ፣ «ማሎ፣ ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ስለ መኪናዋ ነዋ የጠየቁኝ» አልኳቸው።